ጠያቂና አስታማሚ

በቋንቋችን ሕመምተኛን ለሚረዳ ሰው ሁለት ስሞች አሉ፤ አንዱ ጠያቂ፥ ሁለተኛው አስታማሚ ይባላል። ጠያቂ መጥቶ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብሎ የሚሄድ ነው፤ አስታማሚ ግን በታማሚው አልጋ አጠገብ ውሎ የሚያድር ነው። የስሙን ምሥጢር ለማወቅ የሚወድ ወደ ግእዙ ይመለስ። ሐመመ ታመመ ማለት ሲሆን፥ ከዚሁ ግስ የተወለደው አስተሐመመ ተጋ፥ ተጠነቀቀ፥ በብርቱ አሰበ ማለት ነው። እንግዲህ ማስታመም ማዘን ብቻ አይደለም፤ መትጋትም ነው።

እኛ ካህናት በዐውደ ምሕረት ቆመን ስለ ጠያቂው ዋጋ አዘውትረን እናስተምራለን፤ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 ያለው ነገር በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነውና። ስለ አስታማሚው ግን ብዙ ሲነገር አልሰማሁም። ምናልባት ይህ ሥራ በአገራችን ለእናቶችና ለእኅቶች የተተወ ስለ ሆነ፥ እነርሱም በዐውደ ምሕረት ስለማይናገሩ ይሆናል። እኔን ወደዚህ ሥራ ያገባኝ ያልታሰበ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ 2 ቀን፥ ጾመ ፍልሰታ በገባ በማግሥቱ፥ የሦስት ዓመት የልጅ ልጄ በሳንባ ምች ታሞ በከተማችን ሆስፒታል ተኛ። እናቱ ገና የአሥራ አንድ ቀን አራስ ነበረች፤ አባቱ የጭነት መኪና ይዞ ወደ ሩቅ አገር ሄዶ ነበር፤ ባለቤቴም አራሷንና ጨቅላውን ትጠብቅ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ በፍልሰታ ለሕዝብ የምተረጕመውን ውዳሴ ማርያም ለሌላ መምህር ትቼ፥ በሕፃናቱ ክፍል በአንዲት የብረት ወንበር ላይ ሃያ ሦስት ሌሊት አደርሁ።

ሕመሙ የጀመረው እንደ ተራ ጉንፋን ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረታ፤ ሳሉ ጠለቀ፤ ሕፃኑም መጫወትን ብቻ ሳይሆን መነጫነጭንም ተወ። እኔን ያስፈራኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የሚነጫነጭ ሕፃን ገና ኃይል አለውና። ጎረቤቶች እንደ ልማዳችን ተሰበሰቡ። አንዲቱ «እንጥሉ ወርዷል፥ ይቈረጥ» አለች። ሌላይቱ «ምች መትቶታል» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣች። ሦስተኛው ቅቤ አቅልጠን በአፍንጫው እናንጠባጥብለት አለ። ዳማከሴን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ራሴን ሲያመኝ እኔም እጠጣዋለሁ። ነገር ግን በዚህ ላይ የስም አንድነት የሚያመጣው ጥፋት አለ። ከፀሐይ መጣ የምንለውን ትኩሳት ምች እንለዋለን፤ ሳንባን የሚያቈስለውንም ደዌ የሳንባ ምች እንለዋለን፤ ስሙ አንድ ስለ ሆነ ለብዙ ሰው መድኃኒቱም አንድ ይመስለዋል። በቅኔ ቤት እንዲህ ያለውን ሁለት ትርጓሜ የተሸከመ ቃል ኅብር ብለን እናደንቃለን፤ በሕፃን ደረት ላይ ግን ኅብር ቃል ይገድላል። እንጥል ማስቈረጥ ደም ያፈስሳል፥ ቍስልም ይጨምራል እንጂ ሳንባን አይፈውስም። በአፍንጫ የሚንጠባጠብ ቅቤም የሚያለከልክ ሕፃን ወደ አየር ቧንቧው ይስበውና በሕመም ላይ ሕመም ይሆናል።

በማለዳ ወደ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድሁ። የተቀበለችን ነርስ ጋቢውን ገለጠች፤ ልብሱን እስከ አንገቱ ሰበሰበች፤ ሰዓቷንም እያየች የደረቱን ከፍና ዝቅ ማለት አንድ ደቂቃ ሙሉ ቈጠረች። አብራን የመጣች ጎረቤት ብርድ እንዳይነካው ልትሸፍነው እጇን ብትዘረጋ «እማማ፥ ጥቂት ይታገሡኝ፤ ከለበሰ አይታየኝም» አለቻት። ቍጥሩ 62 ሆነ። ሐኪሞች የወሰኑት ልክ እንዲህ ነው፤ ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60፥ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው 50፥ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ የተነፈሰ እንደ ሆነ፥ ሳልም ካለው፥ የሳንባ ምች ተብሎ ይታሰባል። ደግሞም የጎድኑን ሥር አሳየችኝ፤ ሕፃኑ አየር በሳበ ቍጥር የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጕድ ነበር። «ይህን ሲያዩ አይቈዩ፥ አባቴ» አለችኝ። ይህን ለማየት ዐይንና ሰዓት ይበቃል፤ መሣሪያ አያስፈልግም። በየአጥቢያው ያሉ የንስሐ አባቶች ቢያውቁት ስንት ቤት ይጠቅም ነበር እላለሁ፤ ሕፃን ሲታመም ከሐኪም በፊት የሚጠሩት እነርሱ ናቸውና።

በሆስፒታሉ በጣቱ ላይ መቈንጠጫ የምትመስል መሣሪያ አደረጉለት። ይህች መሣሪያ ብርሃን በሥጋ ውስጥ አሳልፋ ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደ ተሸከመ ትናገራለች፤ ኦክስጅን የጠገበ ደም ደማቅ ቀይ፥ የተራበው ግን ጠቈር ያለ ነውና። ጥበቡን በ1972 እ.ኤ.አ. ያገኘው ታኩኦ አዮያጊ የተባለ የጃፓን መሐንዲስ ነው። ቍጥሩ ከ90 በታች ከወረደ ኦክስጅን መስጠት ያስፈልጋል። የእኛ ሕፃን 81 ነበር።

ሳንባ አንድ ባዶ ከረጢት አይደለም፤ ለቍጥር የሚያስቸግሩ እጅግ ትናንሽ ከረጢቶች ያሉበት፥ እንደ ስፖንጅ ያለ ነው። ደዌው በገባ ጊዜ እነዚህ ከረጢቶች ውኃና መግል ይሞላሉ፤ አየሩ ወደ ደም የሚሻገርበት ቦታ ይጠብባል። ከሚያመጡት ተሕዋስያን ዋነኛው ኒሞኮከስ የሚባለው ነው። የዚህ ክትባት ወደ አገራችን የገባው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፥ ለሕፃናት በስድስተኛው፥ በዐሥረኛውና በዐሥራ አራተኛው ሳምንት ይሰጣል። የእኛም ልጅ ሦስቱን ወስዶ ነበር። «ታዲያ ምን ጠቀመው?» ያለኝ ሰው ነበረ። ክትባቱ ብዙዎቹን ነገደ ተሕዋስያን ይከላከላል እንጂ ሁሉን አይከላከልም፤ አጥር ያለው ቤት አንድ ጊዜ ተሰረቀ ብሎ አጥሩን የሚያፈርስ ሰው የለም።

ኦክስጅኑ በቀጫጭን ቱቦዎች በአፍንጫው ይገባል፤ የሚወጣው ትንፋሽ የሚሄድበት ቱቦ ጫፍ ደግሞ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ጠልቋል። ስለዚህ ሌሊቱን ሁሉ ውኃው እንደ ድስት ይንተከተክ ነበር። ምሥጢሩን ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ጫፉ በውኃው ውስጥ በጠለቀ መጠን በሳንባው ውስጥ ጥቂት ግፊት ይቀራል፤ ይህም ግፊት እነዚያ ትናንሽ ከረጢቶች ተጣብቀው እንዳይከደኑ ይደግፋቸዋል። ዘዴው ቀድሞ ለጨቅላዎች ይሠራበት የነበረ ነው፤ በሳንባ ምች ለታመሙ ሕፃናት በሻምፖ ጠርሙስ አድርጎ በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የፈተነው ዶክተር መሐመድ ጆባየር ቺስቲ የተባለ ሐኪም ሲሆን፥ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከዚያም ወዲህ በአገራችን ሆስፒታሎች ተፈትኖ ጥቅሙ ታይቷል። ድኻ አገር ለድኻ አገር ያዋለችው ውለታ በመሆኑ ነገሩ እጅግ ደስ አሰኘኝ።

አሁን ወደ አስታማሚው ሥራ ልመለስ። መድኃኒቱን የሚሰጥ ነርሱ ነው፤ ደዌውን የሚመረምር ሐኪሙ ነው፤ ነገር ግን ሠላሳ ሕፃናት ባሉበት ክፍል ሌሊቱን ሁለት ነርሶች ብቻ ይጠብቃሉ። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲዞሩ የሚቀረውን ጊዜ ሁሉ ሕፃኑን የሚያይ አስታማሚው ነው። የሚያደርገውም ጥቂት ነገር ነው፤ ጥቂቱ ግን አያልቅም። ሕፃኑን ከራስጌው ከፍ አድርጎ ማስተኛት፤ አፍንጫው በንፍጥ ሲዘጋ በጨው ውኃ አለስልሶ መጥረግ፤ ጡት ወይም ወተት ወይም አጥሚት ጥቂት ጥቂት መስጠት፥ ሲያለከልክ ግን በግድ አለመጋት፤ ቱቦው ከአፍንጫው እንዳይወጣ መጠበቅ፤ የትንፋሹ ቍጥር ከጨመረ፥ ከንፈሩ ከጠቈረ፥ ወይም ለመንቃት እንቢ ካለ ሮጦ መጥራት። እኔ ከዳዊት አንድ ንጉሥ በቃሌ እደግምና እቈጥራለሁ፤ ደግሞ አንድ ንጉሥ እደግምና እቈጥራለሁ። ዜማ ለተማረ ሰው ትንፋሽ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የት እንደሚሳብና የት እንደሚለቀቅ መምህራችን በብርቱ አስተምረውናል። የሌላ ሰው ትንፋሽ ሲጐድል ግን የራስ ትንፋሽ አብሮ ያጥራል፤ እየቈጠርሁ ሳለሁ እኔ ራሴ ሳልተነፍስ እንደ ቈየሁ የማውቀው ደረቴ ሲጨንቀኝ ነበር።

ቱቦውን እንዳይነቅል ሲተኛ ሁለት እጆቹን በነጠላ ጫፍ ለስለስ አድርጎ መያዝን ያስተማረችኝ በሁለተኛው አልጋ የነበረች የገጠር ሴት ናት። የዘጠኝ ወር ሴት ልጅ ይዛ ነበር። ልጂቱ በታመመች በስምንተኛው ቀን፥ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ ተሸክማት የደረሰች ናት። ለራሷ ያመጣችውን ቈሎ ታካፍለኝ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ልጂቱ ዐረፈች። ነርሶቹ መጋረጃውን ሳቡ። ሴቲቱም ዘወር ብላ «አባቴ፥ ዘግይቼ ነው ወይ?» አለችኝ። እኔም «አንድ ቀን ሙሉ በእግርሽ ተሸክመሻት መጥተሻል፤ እናት ከዚህ የበለጠ ምን ታደርጋለች?» አልኋት። ይህ መልስ እውነት ነው፤ የጠየቀችውን ግን አልመለሰም፤ እርሷም ይህን እንዳወቀች በፊቷ አየሁ። ልጂቱ ክርስትና ተነሥታ ነበርና ጸሎት እንዲደረግላት ለመነችኝ፤ በአቅራቢያው ያለውን ደብር ካህናት አስጠርቼ ሲነጋ ተቀበረች። ሴቲቱ ከመሄዷ በፊት የልጄን ልጅ ነጠላ አስተካክላ ሄደች።

በዚያው ቀን ነው ዘመዶቼ የመጡት። የሕፃኑ ትኩሳት አራት ቀን መርፌ ተወግቶም አልወረደም ነበር። በራጅ ሲታይ በቀኝ ሳንባውና በጎድን አጥንቱ መካከል መግል ተጠራቅሞ ተገኘ፤ ሐኪሙም ጎድኑን በስቶ ቱቦ ማስገባት እንደሚያስፈልግ ነገረኝ፤ ፈቃዴንም በፊርማ ጠየቀኝ። ታላቅ ወንድሜ ይህን በሰማ ጊዜ ቍጣ መጣበት። «መሪጌታ፥ አንተ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነህ ሕፃኑን ታስበሳለህን? ወደ ጠበሉ እንውሰደው» አለ። ሌሎቹም እርሱን ተከትለው ተናገሩ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ስለ ልጁ አምርሮ ያለቀሰ እርሱ ነው። እኔም እንዲህ አልሁት፤ «ጋሼ፥ ጠበሉ ከእግዚአብሔር ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ጠበሉ ወደ ሕፃኑ መምጣት ይችላል፤ ሕፃኑ ይህን ቱቦ ትቶ ወደ ጠበሉ መሄድ አይችልም።» በመጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን ስለ ማክበር የተጻፈውንም አስታወስሁት። እውነቱን ለመናገር ግን ያሳመነው ሲራክ አይደለም። በዚያው ሰዓት መብራት ጠፋ፤ ኦክስጅን ከአየር የሚለየውም መኪና ቆመ፤ ነርሷ ሲሊንደሩን እየገፋች እስክታመጣ ድረስ በጣቱ ያለችው መሣሪያ 88፥ 83፥ 76 እያለች ወረደች። ወንድሜ ቍጥሩን በዐይኑ አየ። ጠበሉ ያለበት ቦታ በመኪና ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ መንገድ አልተናገረም፤ በማግሥቱ ግን ጠበሉን በትንሽ ጠርሙስ አምጥቶ፥ ነርሷን አስፈቅዶ ግንባሩን ቀባው። እኔም ፈረምሁ።

ከጎድኑ የወጣው መግል አንድ ብርጭቆ ያህል ነበር። የዚህም ቱቦ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ገባ፤ ውኃው መግሉን ያሳልፋል፥ አየር ግን ወደ ደረቱ ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክላል። እንዲህ ሆኖ በራስጌው አንድ የውኃ ጠርሙስ፥ በጎኑ ሌላ የውኃ ጠርሙስ ይጠብቁት ነበር። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን በረደ። መድኃኒቱ በሆስፒታሉ የጠፋበት ቀን ነበረና ከውጭ ፈልጎ ለመግዛት የተደከመው ድካም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

ስለ ጠያቂዎች ልናገር የምወደው አለ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ አልጋ ዙሪያ ቆሙ። ፍቅራቸውን ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱ ይስሉ ነበር፤ በዚያም ክፍል ሌላ ሰው የሚተነፍሰው ጉንፋን ሊገድላቸው የሚችል ሕፃናት ተኝተዋል። አንድ የማከብራቸው አባት ለጸሎት ጧፍ አብርተው ቀረቡ፤ ነርሷም «አባቴ፥ ይቅር ይበሉኝ» ብላ እፍ ብላ አጠፋችው። አንዳንዱ ሰው ቅር አለው። ይሁን እንጂ ኦክስጅን ባለበት ቦታ ትንሽ እሳት በቅጽበት ትልቅ ስለምትሆን ያደረገችው ሁሉ ትክክል ነው፤ ካህናት ወንድሞቼ ይህን እንዲያስቡልኝ እለምናለሁ። ጸሎት ያለ ጧፍም ያርጋል። አንዲት ዘመዳችን ደግሞ እንቍላል ቀቅላ አምጥታ፥ ጾም መሆኑን ስታስብ ከነጠላዋ ሥር ደብቃ ቈየች። የሥርዐት መጻሕፍቶቻችን ሕመምተኛን ከጾም ነፃ ያደርጋሉ፤ ይልቁንም የሦስት ዓመት ሕፃን! በፊቷ ልጠን አበላነው።

ከሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ በሰፈራችን ጫማ የሚጠግን አንድ ሰው ነው። በዘጠነኛው ሌሊት ባዶ እጁን መጣ። «እግዚአብሔር ይማረው» አለና ቀጥሎ «ስንት ስንት ነው የሚቈጠረው? አሳየኝ» አለኝ። የደረቱን ከፍታና ዝቅታ አሳየሁት፤ ምን ሲያይ ማንን እንደሚጠራም ነገርሁት። «በል እንግዲህ ተኛ» ብሎ ወንበሩን ተቀበለኝ። በመተላለፊያው ላይ በጋቢዬ ተጠቅልዬ ስድስት ሰዓት ተኛሁ፤ ከዚያ በፊት በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት የበለጠ ተኝቼ አላውቅም ነበር። ስነቃ በካርቶን ቍራጭ ላይ በእርሳስ የጻፋቸውን ቍጥሮች ሰጠኝ፤ 44፥ 46፥ 42፥ 43፥ 40። ከዚያ በኋላ በየሦስት ቀኑ ይመጣ ነበር። የእርሱን አይተው ሌሎች ሁለት ሰዎች ተራ ገቡ፤ ታላቅ ወንድሜም አንዱ ነው። አስታማሚ ያለው ሕመምተኛ ብዙ ነው፤ አስታማሚውን የሚያሳርፍ ግን ጥቂት ነው። ማኅበሮቻችንና ዕድሮቻችን ለቀብር ተራ እንደሚያወጡ ሁሉ ለዚህም ተራ ቢያወጡ አቅም አያንሳቸውም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ነሐሴ 25 ቀን ወጣን። ሐኪሙ ሳንባው ተመልሶ እንዲሰፋ ሕፃኑ ፊኛ እንዲነፋ አዘዘ፤ በቤትም የምድጃ ጢስ እንዳይደርስበት አስጠነቀቀን፤ ስለዚህ ባለቤቴ ምድጃዋን ከመኝታ ቤቱ አጠገብ አንሥታ ወደ ጓሮ አዛወረች። ፊኛው በሁለተኛው ቀን ፈነዳ፤ ሕፃኑም ፈርቶ ሁለተኛ አልነፋም አለ። እኔም ፊደል ገበታ ከግድግዳው አውርጄ፥ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ የሚለውን ቤት ድምፁን እየጐተተ በአንድ ትንፋሽ እንዲል አስተማርሁት። በመጀመሪያው ቀን ሂ ላይ ቆመ፥ ሳለም። በመስቀል ሰሞን ሄ ደረሰ። በጥቅምት ወር አጋማሽ አንድ ማታ ሆን አልፎ ለ ሉ ብሎ ጀመረ፤ እናቱ ታናሹን ታቅፋ ከበሩ ላይ ትሰማው ነበርና ዘወር ብሎ ሲያያት ሳቀ፥ ትንፋሹም በሳቁ አለቀ።